ጠርዙ እስኪጸዳ

የእህቴ ባል ሰው ያስውባል እንጂ ሰው አያይም። ይህን ያወቅኩት ገና በሠርጋቸው ሰሞን ነው። የሠርጉን ፎቶ ጓደኛው አንስቶለት እሱ ራሱ ነበር የሠራው፤ አባታችን አገጫቸው ላይ የነበረውን ትልቅ ጠባሳ ድራሹን አጥፍቶ አመጣው። አባታችን ፎቶውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ብዙ ካዩ በኋላ «ይኼ ሰውዬ ከሙሽራው ወገን ነው?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ በሳቅ አለቀ። አማቼም የተመሰገነ መስሎት አብሮ ሳቀ።

የእሱን ፎቶ ቤትና የእኔን ፀጉር ቤት የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ሴቶቹ እኔ ጋ ተሠርተው እሱ ጋ ይነሳሉ። እኔ በማበጠሪያና በካስክ የቻልኩትን አድርጌ እልካቸዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ ብጉር ያነሳል፣ ጥርስ ያነጣል፣ የአንገት እጥፋት ይደመስሳል። ይህን ሥራ «ማጽዳት» ነው የሚለው። «ትንሽ አጽድቼ ልስጥሽ» ይላቸዋል፤ እነሱም ቆሻሻ ነሽ መባላቸው ሳይገባቸው አመስግነው ይሄዳሉ። በስሙ የሚጠራው የለም። ሕፃን ወንበሩ ላይ ባስቀመጠ ቁጥር «ሳቅ በል፣ ሳቅ በይ» እያለ ስለሚለምን፣ የመንገዱ ሰው ሁሉ «ሳቅበል» ነው የሚለው።

ልጃቸው ስትወለድ ከግራ ጆሮዋ ፊት ለፊት፣ ጉንጯና ፀጉሯ የሚገናኙበት ላይ፣ የምስር ክክ የምታህል ቀላ ያለች ምልክት ነበረቻት። ማርያም ስማት ተባለ። ምልክት ይዞ ለተወለደ ልጅ ሁሉ የሚባል ነገር ነው፤ ሰው ብሎት ያልፋል። እህቴ ግን አላለፈችውም። ልጅቷን «ስሞሽ» አለቻት፤ እውነተኛ ስሟን ከመምህሯ በቀር የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም። እንግዳ በመጣ ቁጥር የልጅቷን ፀጉር ወደ ኋላ ሰብስባ ጉንጯን ታሳያለች። ሰው ጣቱን ሲዘረጋ ግን እጁን መታ ታደርገዋለች።

አባትየውም በየልደቷ ፎቶ ያነሳታል። ያው ወንበር፣ ያው ሰማያዊ መጋረጃ፣ ግራ ጉንጯ ወደ ካሜራው ዞሮ። ፎቶዎቹን በሱቁ መስታወት ላይ በተራ ሰቅሏቸዋል፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ልጅቷ ከዓመት ዓመት ስታድግ ያያል። ጥርሷ ይወልቃል፣ ይበቅላል፣ አንገቷ ይረዝማል። ማርያም የሳመቻት ቦታ ግን ያው ነው፤ ትንሽ፣ ቀላ ያለ፣ ቆንጆ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሯን የምሠራት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ መጀመሪያ ያወቀው ጣቴ ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላት ነገሩ ምስር ክክ መሆኑን ከተወ ቆይቷል። በለዝ ብሏል፣ ሰፍቷል፤ ከቆዳዋ ሥር እንደ ደረቀ ሙጫ ጠንክሮ ጣቴን ይገፋኛል። ለእህቴ ነገርኳት።

«ጠንክሯል። ሐኪም ይየው።»

«ማርያም የሳመችውን ሐኪም ምን ሊያደርገው?»

«ማርያም ስማ ሄዳለች። ይኼ አሁን የሚነክሳት ሌላ ነው» አልኳት።

ለሳምንት አኮረፈችኝ። እህቴ ልጇን በየቀኑ ስለምታያት ለውጡ አይታያትም ነበር። ጥርጣሬ ሲገባትም ወደ ውጭ ወጥታ የሱቁን መስታወት ታያለች። እዚያ ያለው ምልክት ትንሽ ነው። ልቧ ይመለሳል፤ በእኔ ላይ ያላት ንዴት ደግሞ ይጨምራል። እኔም የዋዛ አይደለሁም፤ ጠዋትና ማታ እየነዘነዝኩ አንድ ሰኞ ሆስፒታል ወሰድናት።

የቆዳ ሐኪሙ ጠና ያለ ሰው ነው። አንቱ መባል ይገባው ነበር፤ ያን ቀንም አንቱ ብዬዋለሁ። አንቱታዬን መልሼ የወሰድኩት በኋላ ነው። ክፍሉ ውስጥ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ረጅም አንገት ያለው መብራትና ቀለሙ የለቀቀ የቆዳ ሥዕል ነበር። ስሞሽን መብራቱ ሥር አስቀምጦ ነገሩን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

«ስትወለድም እንዲህ ከነበረ አንነካውም» አለ። «እያደገ የመጣ ከሆነ ግን ትንሽ ቆርጠን ላቦራቶሪ መላክ አለብን። ፊት ላይ ነው፤ ልጅ ነች፤ በሙሉ ማደንዘዣ ነው የሚሠራው። ጠባሳም ይተዋል። አድጓል?»

«አላደገም» አለች እህቴ።

«አድጓል» አልኩ እኔ።

ሐኪሙ ሁለታችንንም አየንና ወደ አባትየው ዞረ። «የቆየ ፎቶ ይኖራችኋል?»

ሳቅበል ፊቱ በራ። «ፎቶ? ዶክተር፣ ሥራዬ እኮ ነው።»

በማግስቱ ፎቶዎቹን ከመስታወቱ አውርዶ በትልቅ ፖስታ ይዞ ሄደ። እኔም እህቴም አብረን ነበርን። ስሞሽ ትምህርት ቤት ነበረች። ይህችን ነገር ደጋግሜ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያ ሰውዬ ልጅቷንና ፎቶዋን ጎን ለጎን አላያቸውም። ልጅቷን ሰኞ አየ፣ ፎቶዋን ማክሰኞ አየ፤ በመካከሉ ስንት ጉንጭ አይቷል። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ መነጽሩን አወለቀ።

«ምንም ለውጥ የለውም። ምናለ ወላጅ ሁሉ እንደ እርስዎ ቢሆን» አለው።

አማቼ አፉን ከፈተ። ከፍቶ ጥቂት ቆየና መልሶ ዘጋው። እጅ ነሳ፣ ፎቶዎቹን ሰበሰበ፣ ወጣን። ኮሪደሩ ላይ እህቴ ክንዴን ይዛ «ደስ አለሽ? ልጄን በከንቱ ልታስቆርጫት ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የልጅቷን ፀጉር ሌላ ቦታ ታሠራ ጀመር። ሌላ መንገድ ጠፍቶ አይደለም፣ እጇን ይዛ በእኔ በር ነበር የምታሳልፋት።

ዓመት አለፈ። ነገሩ ላይ ሁለት ቋጠሮ አበጠ፤ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ልጆች ሲጋፏት ደማ፣ ደሙም አልቆም አለ። እህቴ የዚያን ቀን በሬን ከፍታ ገባች። ሰላም አላለችኝም። «ነይ እንሂድ» ብቻ ነው ያለችው። መኪና ውስጥ ስሞሽ ጭኔ ላይ ተቀምጣ፣ የእኔን መሀረብ ጉንጯ ላይ ይዛ፣ ስለ ሰረቋት ማስመሪያ ስታወራን ሄደች።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል ነው የሄድነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው እንዳይከፋው ብላ ቃል የምትመርጥ አይነት አይደለችም። ናሙና ወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ እኔን፣ እህቴንና አማቼን አስቀምጣ ረጅም ስም ጠራች፤ እኔ እስከ ዛሬ አልያዝኩትም። ትርጉሙን ግን ይዤዋለሁ። ቆዳ ውስጥ የሚበቅል ዕጢ ነው። ልጆች ላይ እምብዛም አይገኝም፤ ስለማይገኝም ሐኪሙ ሁሉ የልደት ምልክት ወይም ጠባሳ ይመስለዋል። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ሩቅ አገር አይዘምትም፤ ባለበት ነው ሥር እየሰደደ የሚበላው።

«መቼ ነው እንዲህ የሆነው?» ብላ ጠየቀች።

እህቴ ፖስታውን ሰጠቻት። «ፎቶ አለን። አልተለወጠም ነበር። ዘንድሮ ነው ድንገት።»

ሐኪሟ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ በተራ ደረደረች። ጎንበስ ብላ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ደግሞ የመጀመሪያውን አየች።

«እናት፣ የልደት ምልክት ከልጅ ጋር ያድጋል» አለች። «ፊቱ ሲሰፋ እሱም ይሰፋል። ይኼ ግን በአንድ ዓመቷም በስምንት ዓመቷም ያው ነው። እዚህች ጋ ደግሞ አንዲት ቀጭን ፀጉር ምልክቱ ላይ ተጋድማለች። እዚህም አለች። እዚህም። ፀጉር ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ አይተኛም።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አማቼን አየችው። «አባት፣ እጅዎ ጎበዝ ነው» አለችው።

ሳቅበል ጉልበቱን ነው ሲያይ የነበረው። «የመጀመሪያው ዓመት በጣም ያምር ነበር» አለ። «በሁለተኛው ጠቆር አለብኝ። ሰው በመስታወት ያያታል፤ እናቷም ትወደዋለች። ማጥፋት አልፈለግኩም፤ ማርያም የሳመቻት ነው። እንደነበረ ልመልሰው ብዬ የመጀመሪያውን ወስጄ ለጠፍኩበት። ከዚያ በየዓመቱ… አጸዳሁት እንጂ ሌላ ምንም አላደረግኩም።»

«ያ ሐኪም ሲያይ፣» አለች እህቴ፣ «ያኔ ሲጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«እቆርጣለሁ አለ። ፊቷን እቆርጣለሁ አለ። ደግሞ እኔም ደጋግሜ ሳየው ፎቶውን አምኜው ነበር።»

እህቴ አልጮኸችም። እኔ ነኝ የተሳደብኩት፤ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ አንዱም አይቆጨኝም። ሐኪሟ ጠብቃ ጠብቃ ያልተነካው ፎቶ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው። ነበረው። ሌላው ነገሩ የተዝረከረከ ቢሆንም ፎቶ አይጥልም። በማግስቱ በፍላሽ አመጣው፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ስሞሽ ከዓመት ዓመት በእውነቷ አለፈች። ምስር ክክ፣ ከዚያ ባቄላ፣ ከዚያ አዝራር። እህቴ የባሏን የሸሚዝ እጅጌ ይዛ ስክሪኑ ፊት አቆመችው። ፊቱን ሊያዞር ሲል እጅጌውን ትስባለች።

«እዚህ ጋ ብናገኘው» አለች ሐኪሟ አራት ዓመቷ ላይ እያሳየች፣ «በጣት ስፋት ቆርጠን አውጥተን፣ ጠባሳዋን በፀጉሯ ትሸፍነው ነበር። ያ ሐኪም ባያት ጊዜ እንኳ ምናልባት እንደርስ ነበር። አሁን ወደ ውስጥ ገብቷል። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከሥሩ ነው የሚያልፈው፤ ዓይን የሚዘጋው፣ አፍ የሚያስቀው እሱ ነው። ዕጢው ነርቩ ላይ ካልደረሰ እናተርፈዋለን። ከደረሰ ነርቩን ሳንቆርጥ ልጅቷን ማዳን አንችልም።»

«እንዴት ይታወቃል?» አልኳት።

«እንቆርጣለን። የቆረጥነውን ጠርዝ ዙሪያውንና ከሥሩ ላቦራቶሪ እንልካለን። ጠርዙ ካልጸዳ፣ ዕጢ ከተገኘበት ማለት ነው፣ እንመለሳለን። እስኪጸዳ ድረስ እንቆርጣለን።»

«እስኪጸዳ» የሚለውን ቃል ስትጠራ አማቼ እንደተጠራ ሰው ቀና አለ። እህቴም አይታዋለች።

የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ማክሰኞ ነበር። ቁስሉን ክፍቱን ትተው አሽገው አወጧት፤ ላቦራቶሪው እስኪመልስ እንዲሁ ትጠብቃለች። ስሞሽ አልጋው ላይ ሆና፣ ፋሻው ሥር ባለው ፊቷ፣ ለነርሶቹ ትስቅ ነበር። ፋሻው ግራና ቀኝ ከፍ ይላል። ሁለቱም ወገን። እኔና እህቴ ያን ፋሻ ነበር የምናየው። ቀልድ አልቆ ሲያስቸግረኝ ከፀጉር ቤቱ የሰማሁትን ሐሜት ሁሉ አወራኋት፤ እንዲያው እንድትስቅልኝ።

ሐኪሟ መጥታ ኮሪደሩ ላይ አስቆመችን። «ከላይ ጸድቷል። ከፊትም ጸድቷል» አለች። «ከሥር አልጸዳም።»

እህቴ ወደ ባሏ ዞረች። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ለሦስታችን የገዛውን ሻይ በሁለት እጁ ይዟል። «ሰማህ?» አለችው። «አልጸዳም አለች። ግባና አጽዳላት።»

ሻዩ እጁ ላይ ተደፋ። ማንም አልጠረገለትም።

ለሁለተኛ ጊዜ ገቡ፤ ከሥር ያለውን ሁሉ አወጡ፤ ነርቩም አብሮ ሄደ። ከጭኗ ቆዳ ወስደው ጉንጯ ላይ አለበሱት። ሐኪሟ በወጣች ጊዜ ፊቷ ላይ ድካም እንጂ ሌላ አልነበረም። ላቦራቶሪው ሲመልስ የልጅቷ አልጋ አጠገብ ቆማ «ጠርዙ ጸድቷል» አለች። ስሞሽ ሰመመኑ ለቋት፣ አልጋዋ ላይ፣ ሁሉንም ትሰማለች። «ጸድቷል ማለት አለቀ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። አዎ አልናት።

የእኔ ፀጉር ቤት ሦስቱም ግድግዳው መስታወት ነው። ፋሻው ከወለቀ በኋላ ስሞሽ ገብታ ከትልቁ ወንበር ላይ ወጣች፤ እግሯን እያወዛወዘች ራሷን አየች። ከንፈሯን ሳበች፤ ቀኙ ወጣ፣ ግራው እንደተንጠለጠለ ቀረ። ግራ ዓይኗን በጣቷ ከደነችው፤ ለቀቀችው፤ ተከፈተ። ወንበሩን ማዞር እችል ነበር። አላዞርኩትም።

«አክስቴ፣ ይኼኛው ለምንድነው የማይስቀው?»

«ነርቩ ተቆርጧል። አይስቅም።»

«ሲቆይስ?»

«ሲቆይም» አልኳት። ያቺ ልጅ የተዋሸችው ይበቃታል።

እህቴ ባሏን ትታው አልሄደችም። ብትሄድ ይቀለው ነበር። አንድ ጠዋት የሱቁን መስታወት ከፍታ የጸዱትን ፎቶዎች አወረደችና ያልተነኩትን በዚያው ተራ ሰቀለቻቸው፤ ምስር ክክ፣ ባቄላ፣ አዝራር፣ ቋጠሮ፣ በመጨረሻም የአሁኑ ፊቷ። ሰው ቆሞ ያያል፤ ይነጋገራል፤ ይሄዳል። ሙሽሮች ሌላ ፎቶ ቤት ያዙ። እሱ አንድም ቀን ሊያወርዳቸው አልሞከረም። ሐኪሟ ደግሞ ዕጢው ሊመለስ ስለሚችል በየጊዜው ከአንድ ርቀት፣ ማስመሪያ ጉንጯ ሥር ተይዞ፣ ምንም ሳይነካ ፎቶ እንዲነሳ አዛለች። ያነሳል። እህቴ ከኋላው ቆማ እጁን ታያለች። ሕፃን ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሳቅ በል ማለት ትቷል፤ የመንገዱ ሰው ግን ዛሬም ሳቅበል ብሎ ነው የሚጠራው፣ እሱም አቤት ይላል።

ትምህርት ሲከፈት ስሞሽ ለመታወቂያዋ ፎቶ ያስፈልጋት ነበር። ፀጉሯን እኔው ሠርቻት ይዣት ገባሁ። እህቴ ከደጃፉ ቆማ ነበር። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ቀሚሷን አስተካከለች፤ አባቷ ካሜራው ኋላ ሆኖ ዝም ብሎ ጠበቀ።

«ሳቅ በይ በለኝ እንጂ» አለችው።

ዓይኑን ካሜራው ላይ አደረገ። «ሳቅ በይ።»

ሳቀች። አነሳት። ከወንበሩ ዘላ ወርዳ ኮምፒውተሩ ዘንድ ሄደች፤ ክርኑን ተደግፋ ፊቷ ስክሪኑ ላይ ሲከፈት አየች። ቀኙ ጉንጭ ወደ ዓይኗ ወጥቷል። ግራው የሌላ ሰው ይመስላል፤ ፊቱ የተቆጣ፣ በዕድሜ ከእሷ የሚበልጥ።

«አሁን አጽዳው» አለችው።

እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

«ይኼን ገልብጠህ እዚህ ለጥፈው። ለዚያች ጥርሷ ለወለቀው ሴትዮ ስትሠራላት አይቻለሁ። ቀላል ነው።»

አማቼ ዞሮ እህቴን አያት። ያን ዓመት ሙሉ ምንም ነገር ለምኗት አያውቅም ነበር። «የትምህርት ቤት ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሐኪም አይደለም። ይቺን ብቻ።»

«አታጸዳም» አለች እህቴ።

ወደ እኔ ዞረ። አንድ ቃል ብል እህቴ ትሰማኝ ነበር፤ በዚያ ሰሞን የምትሰማው እኔን ብቻ ነው። «እኔን ምን ታያለህ?» አልኩት።

ወደ ልጁ ተመለሰ። ፀጉሯን ሊዳብስ እጁን አንስቶ ተወው። «ስሞሽዬ፣ እንዲሁ ቆንጆ ነሽ።»

«ውሸትህን ነው» አለች። አላለቀሰችም፤ ነገሩን አስባ የጨረሰች ትመስል ነበር። «ለሰው ሁሉ ታጸዳለህ። በፊት ለእኔም ታጸዳልኝ ነበር። ያኔ ትወደኝ ነበር።»

አማቼ አትም የሚለውን ተጫነ፤ አታሚው አራት ፎቶ በአንድ ወረቀት ላይ አወጣቸው። አማቼ ወረቀቱን የወረቀት መቁረጫው ላይ አድርጎ ዙሪያውን ቆረጠ፤ አራቱን ለያያቸው። ከመቁረጫው ይልቅ ልጁን ሲያይ ስለነበር አንዱ ጠማማ ሆነ። ስሞሽ ያንን ጠማማውን አነሳችው። ሲቆርጥ እያየች ያደገች ልጅ ናት፤ ፎቶውን ቢላው ሥር አስገብታ፣ ከአፍንጫዋ መካከል ጋር አስተካክላ፣ ማንም እጁን ሳይዘረጋ እጀታውን ተጫነችው። ግራው ፊቷ መሬት ላይ ወደቀ። የሚስቀውን ግማሽ አንስታ ጣቷን በተቆረጠው በኩል ከላይ እስከ ታች አሳለፈች።

«ጠርዙ ጸድቷል» አለች፤ ለአባቷም ሰጠችው።